የቻይና አዲስ ዓመት የልጆች ማዕድ በገላን መውጫ፦ ልጅ መስጠትን ይማርበታል ወይ?

ከገላን ወደ ዱከም በአሮጌው መንገድ ስትሄዱ፣ ከመጋዘኖቹ ትይዩ፣ በሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ቀይ ፋኖሶች የተሰቀሉበት ምግብ ቤት አለ። ታፔላው በቻይንኛ ብቻ ስለተጻፈ ሰፈርተኛው «ቻይኖቹ ቤት» ይለዋል፤ ለታክሲ ረዳትም እንዲሁ ብትሉት በትክክል ያወርዳችኋል። በአዘቦት ቀን ደንበኞቹ በአካባቢው ፋብሪካዎች የሚሠሩ ቻይናውያንና አበሾች ናቸው። የቻይና አዲስ ዓመት ሲደርስ ግን፣ በዓሉ በሚቆይባቸው 15 ቀናት ውስጥ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የልጆች ማዕድ ያዘጋጃል። ልጆች ዳምፕሊንግ (ሙሌት በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ) ይጠቀልላሉ፣ የወረቀት ፋኖስ ይሠራሉ፣ ቀይ ፖስታ ይቀበላሉ፤ በመጨረሻም በእጃቸው የሠሩትን ለሌላ ሰው ያበላሉ። ክፍያው ለአንድ ልጅ 1,200 ብር፣ አብሮ ለሚቀመጥ አዋቂ 800 ብር ነው።

ቤቱ ዝግጅቱን የሚያስተዋውቀው «ልጆች መስጠትን የሚማሩበት በዓል» እያለ ነው። ስለዚህ የምንመዝነውም በዚሁ ቃሉ ነው። በምግቡ በኩል ቃሉን ጠብቋል፤ እንዲያውም ብዙ ትምህርት ቤቶች ሊቀዱት የሚገባ ዘዴ አለው። በፖስታው በኩል ግን ነገሩ ተበላሽቷል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናብራራለን።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። የቻይና አዲስ ዓመት ጨረቃን ስለሚከተል በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ዩኔስኮ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ይህ በዓል በ2018 የዋለው የካቲት 10 ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም በገባ በማግስቱ መሆኑ ነው። ረመዳንም የገባው በዚያው ሳምንት ነበር። አንድ ቻይናዊ ምግብ ቤት ሥጋ በሚበዛበት በዓሉ ላይ ሁለት ጾም በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ይሄኛው የልጆቹን ገበታ ሙሉ በሙሉ የጾም አደረገው። የሙስሊም ቤተሰቦች ልጆች የጠቀለሉትን ደግሞ ሳይቀቀል፣ ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ አድርጎ ለማፍጠሪያ ወደ ቤት ይሰጣል። ይህ ብቻውን የሚያስመሰግን ነው።

የጾም ነው ስለተባለ ግን ሳትጠይቁ አትቀመጡ። የዳምፕሊንግ ሊጥ እንደ ወጉ ዱቄት፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ብቻ ስለሆነ ብዙ አያሰጋም፤ እንቁላልም እርሾም አይገባበትም። ችግሩ ያለው ማጣፈጫው ላይ ነው። የቻይና ወጥ ቤት ለአትክልትም ቢሆን የኦይስተር ሶስ (ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ የሚሠራ) እና ከዶሮ የተሠራ የዱቄት ማጣፈጫ ጠብ ማድረግ ልማዱ ነው፤ አብሳዩ ክፉ አስቦ ሳይሆን እጁ ስለለመደው ያደርገዋል። «በሶይ ሶስና በሰሊጥ ዘይት ብቻ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤቱ መደበኛ ሜኑ የአሳማ ሥጋ አለው። የልጆቹ የሚቀቀለው ግቢ ውስጥ በተለየ ድስትና ምድጃ ስለሆነ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ካሸሩ አጠገብ ባለው ፍሪጅ በከረጢት የሚሸጠው የቀዘቀዘ ዳምፕሊንግ ግን ከልጆቹ ገበታ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ብዙው የአሳማ ነው፣ ጽሑፉም በቻይንኛ ነው። ልጅ «የሠራነው ነው» ብሎ ቢለምናችሁም ሳትጠይቁ እንዳትገዙ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማጥቀሻው ሶስ ላይ የተፈጨ ኦቾሎኒ ይነሰነስበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለእያንዳንዱ ልጅ 12 የተዳመጡ ቂጣዎች፣ አንድ ጎድጓዳ የአትክልት ሙሌት፣ ጣት መንከሪያ ውሃና ሁለት ሳህን ይቀርብለታል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ነጩ የልጁ ነው፣ ቀዩ የሌላ ሰው። ልጁ መጀመሪያ 12ቱንም ጠቅልሎ ትሪው ላይ ይደረድራል። ከዚያ በኋላ ነው አስተናጋጇ «ለሰው የሚሄዱትን 6 ምረጡ» የምትለው። የቤቱ ብልሃት ያለው እዚህች ቅደም ተከተል ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ለሰው ይሁኑ ቢባል ኖሮ ልጁ የሚሰጠው የተለማመደበትን፣ ጎኑ የተቀደደውን ነበር፤ ሳያስበውም ይሰጠዋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ምረጥ ሲባል ግን ከፊቱ ያማረውም የተበላሸውም አለ፤ ውሳኔው የእሱ ይሆናል።

ልጆቹ ሲመርጡ ብታዩ መስጠት ለልጅ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ይገባችኋል። አንዲት አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ካሏት 12 ውስጥ አንዷ ብቻ ጠርዟ እንደ ቀሚስ ሽንሽን አምሮ ወጥቶላታል። ቀዩ ሳህን ላይ አምስት የተጣመሙ አስቀመጠች፤ ስድስተኛውን ለመምረጥ ቆመች። እናቷ ያማረችውን ልታነሳላት እጇን ስትሰነዝር የቤቱ ረዳት አብሳይ፣ የደብረ ዘይት ልጅ ናት፣ ክንዷን ያዝ አድርጋ «ተያት እህቴ፣ ራሷ ትጨርሰው» አለቻት። ልጅቷ ያማረችውን አንስታ ቀዩ ሳህን ላይ አደረገች፤ መልሳ ወሰደቻት፤ ከዚያ ሁለት ደህና የሚባሉ አንስታ በሁለት የተጣመሙ ለወጠች። ያማረችዋ ነጩ ሳህን ላይ ቀረች። ማንም ምንም አላለም። እኛ እንደምናየው ይህ፣ ልጅ «ጎበዝ!» እየተባለ ሁሉንም ከሚያስረክብበት ዝግጅት የተሻለ ነው። አዋቂ እያየው፣ አዋቂ እየገፋው የሰጠ ልጅ የሚማረው ይሉኝታን ነው። ይሉኝታ ደግሞ በአገራችን እጥረት የለበትም።

ከመምረጡ በፊት የሚነገረው ተረትም በቦታው የገባ ነው። ቻይናውያን ልጆቻቸውን ደግነት ሲያስተምሩ ሳይነግሯቸው የማያልፉት የኮንግ ሮንግ ታሪክ ነው። ኮንግ ሮንግ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን መጨረሻ የኖረ ሊቅ ነው፤ በ208 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ከወንድሞቹ ጋር የፖም (አፕል) ዘመድ የሆነው ፍሬ፣ ፒር፣ ቀረበላቸውና ትንሿን አነሳ። «ለምን?» ሲሉት «እኔ ትንሽ ነኝ፣ ትንሹ ይበቃኛል» አለ ይባላል። የቤቱ ባለቤት ታሪኩን በሚገባ አማርኛ ታወራዋለች፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ወደ ማንም ልጅ አትጠቁምም፤ ሲያልቅ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ የለም። ያ ጥያቄ አለመኖሩን እጅግ ወደድነው።

ቀጥሎ ቅቀላው ነው፤ ሰልፉም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የልጆቹ ዳምፕሊንግ እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ሳህን ቁጥር በታሰረበት የሽቦ ቅርጫት ይቀቀላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ልጅ የሰጠው የራሱን መሆኑን ካላወቀ ያ ሁሉ ምርጫ ከንቱ ይሆናል። ግን ቅርጫቶቹ 6 ብቻ ናቸው፣ ልጆቹ ደግሞ 12፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሳህን ስላለ አራት ዙር ያስፈልጋል። አንድ ዙር ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻዎቹ ልጆች በርቧቸው ይነጫነጫሉ፤ የራበው ልጅ ደግሞ ለጋስ አይሆንም። ቤቱ 6 ቅርጫት ቢጨምር ወይም ቀዩን ሳህን ሁሉ አስቀድሞ ቢቀቅል ግማሹ ችግር ይቀረፋል። እስከዚያው ግን ልጃችሁን ምሳ አብልታችሁ አምጡት።

ከአንዱ ዳምፕሊንግ ውስጥ የሚደበቀው ነገርም አለ። በሰሜን ቻይና ልማድ በአዲስ ዓመት ዳምፕሊንግ ውስጥ ሳንቲም ይከተትና ያገኘው ሰው ዓመቱ ይቀናዋል ይባላል። እዚህ ሳንቲሙ በቴምር ተተክቷል፤ ለጥርስም ለጉሮሮም ሲባል ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ቤቱ የራሱን አንድ ደንብ ጨምሮበታል፦ ቴምሩ የደረሰው ልጅ የመንደሪን ቅርጫት ይሰጠዋል፤ ለሁሉም ሁለት ሁለት አዳርሶ የራሱን በመጨረሻ ይወስዳል። ዕድል የደረሰው ሰው አዳይ ይሆናል ማለት ነው፤ መንደሪንን ጥንድ አድርጎ መስጠት ራሱ የደቡብ ቻይናዎች የበዓል ወግ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ መንደሪኑ ተቆጥሮ ይግባ። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ለሁሉም ካልበቃ አዳዩ ልጅ ከራሱ ድርሻ ሊያጎድል ነው፤ ያም በፈቃዱ ካልሆነ ቅጣት ይመስለዋል።

ቀዩ ሳህን ሲበስል ልጁ ራሱ ተሸክሞ ይወጣል። ተቀባዮቹ የቤቱ ዘበኛ፣ በሩ ላይ ጀበና የጣዱት እናት፣ የመኪና ማቆሚያው ልጆችና ሳህን አጣቢዎቹ ናቸው። ልጁ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንኩ» ይላል፤ ከፈለገ የቻይንኛውን «ሺን ኒያን ኳይ ለ» (መልካም አዲስ ዓመት) ይጨምርበታል። በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል የእኛም የቻይናዎቹም ሥርዓት ስለሆነ ማንም ልጅ አይከብደውም። ዘበኛው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ተነስተው፣ በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እደጉ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ሲሉ ልጆቹ የሚያሳዩት ኩራት ከፋኖሱም ከፖስታውም አይገኝም። ቤቱ ተቀባዮቹን አስቀድሞ ያስፈቅዳል፣ ምግቡም የጾም መሆኑን ይነግራቸዋል፤ ለሚጾም ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ ምግብ ይዞ መምጣት ማሳፈር ነውና ይህ ጥንቃቄ ቀላል አይደለም። የጎደለው ክዳን ያለው ዕቃ ነው። ማፍጠሪያ ወይም የጾም ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው ምግቡን ማስቀመጥ አለበት፤ የካቲት ላይ በዚያ አካባቢ ያለው ደረቅ ነፋስና አቧራ ደግሞ ያልተከደነ ዳምፕሊንግን በአጭር ጊዜ ቆዳ ያደርገዋል።

ፖስታው ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። በቻይና ወግ ቀይ ፖስታ ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው የሚሄደው። ብሩ አዲስና ያልታጠፈ መሆን አለበት፤ አራት ቁጥር ይሸሻል፣ ስምንት ይወደዳል፤ ልጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ ያመሰግናል፣ ሰጪው ፊት አይከፍተውም። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ልጅ ተቀባይ ብቻ ነው። በእኛ እንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ብለው፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ሰጥተው ነው የሚቀበሉት፤ ቀይ ፖስታ ግን እንዲህ ያለ ልዋጭ የለውም። ቤቱ ይህን ለማቃናት የራሱን ፈጠራ ጨመረ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት አዲስ ባለ 10 ብር ኖቶች ያሉበት ፖስታና አንድ ባዶ ፖስታ ይሰጣል፤ ልጁ አንዷን ኖት ወደ ባዶው አዛውሮ ለፈለገው ሰው ይሰጣል። ይህ የቻይና ወግ እንዳልሆነ ባለቤቷ በግልጽ ትናገራለች፤ ሐሳቡም በራሱ ክፉ አይደለም።

የሚያበላሹት ወላጆች ናቸው፣ ቤቱም ዝም ይላል። አባት ከኪሱ ባለ 200 ያወጣና የልጁ ፖስታ ውስጥ ይጨምራል። ጎን ያለው ልጅ ያያል፤ የእሱም አባት ያወጣል። ወዲያው ልጆቹ ፖስታ እየከፈቱ ማመሳከር ይጀምራሉ። ባለ 10ሯን የያዘ ልጅ ፖስታውን ከጀርባው ይደብቃል። በዚያ ላይ አስተናጋጆቹ እንዲቀበሉ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ትልቅ ሰው ከሕፃን እጅ ብር ለመቀበል በሰው ፊት መሰለፉ ደስ አይልም። ዳምፕሊንጉን ሲቀበሉ እንግዳ ነበሩ፤ ብሩን ሲቀበሉ ተመጽዋች ሆኑ። እዚህ ላይ የሚሰጠው የአባቱ ኪስ ስለሆነ ልጁ ከራሱ ያጎደለው የለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሲመዘገቡ ለወላጆች «በፖስታው ላይ ገንዘብ መጨመር አይቻልም» ይባል። ሁለተኛው ፖስታ እዚያው መሰጠቱ ቀርቶ ተዘግቶ ወደ ቤት ይሂድ፤ ልጁ በበዓሉ ሳምንት ውስጥ ለማን እንደሚሰጠው ራሱ ያስብበት፣ ሲሰጥም ተመልካች አይኑርበት። ቤቱ እስኪያስተካክል ድረስ እናንተ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፦ ፖስታውን ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱና «ሰውየውን ስታገኝ ንገረኝ» በሉት። እጃችሁን ግን ከኪሳችሁ አርቁ።

የወረቀት ፋኖሱ የሚታለፍ ነው፤ ቀይ ወረቀት ታጥፎ በመቀስ ተሰንጥቆ ይጣበቃል፣ መቀሶቹ ደነዝ ናቸው። በርችት ምትክ የሚፈነዱት ፊኛዎች ከ4 ዓመት በታች ያሉትን ያስለቅሳሉ፤ በዚያ ሰዓት ትንንሾቹን ግቢ አውጧቸው።

ቤታችሁ ልትደግሙት ብትፈልጉ 60 ያህል ፍሬ የሚያወጣው መጠን ይህ ነው። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና ቁንጥር ጨው ለስላሳ እስኪሆን አሽታችሁ፣ ከድናችሁ ለ30 ደቂቃ አሳርፉት። ካላረፈ ስትዳምጡት ይሸሻል፣ ተመልሶ ይሰበሰባል። ለሙሌቱ ግማሽ ኪሎ ጥቅል ጎመን አድቅቃችሁ በአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ለ20 ደቂቃ አስቀምጡና በጨርቅ አጥብቃችሁ ጭመቁ፤ ውሃው ካልወጣ ቂጣውን ከውስጥ አርሶ ይቀደዋል። አንድ ካሮት፣ 200 ግራም የተጨመቀ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል)፣ እፍኝ የተከተፈ እንጉዳይ፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ጨምሩ። ቀድሞ የሚገባው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ በኋላ፤ ዘይቱ አትክልቱን ከሸፈነው ጨዋማው ሶስ ውሃ አያስወጣውም።

ሊጡን 12 ግራም አካባቢ እየቆረሳችሁ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ድረስ ዳምጡ፤ መሐሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ ይበል፣ ጠርዙ ሲገጠም እጥፍ ስለሚሆን። የቀሩት ቂጣዎች እርጥብ ጨርቅ ለብሰው ይቆዩ፤ በበጋ አየር ጠርዛቸው ቶሎ ይደርቅና አይጣበቁም፣ ያኔ ጣት በውሃ ነክሮ ጠርዙን ማራስ ነው። ለልጅ እጅ ሙሌቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ይሁን፣ አይቆለል። ጠርዙን ዘይት ከነካው ምንም ብትጫኑት ይከፈታል።

ቅቀላው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳምፕሊንግ ሲንሳፈፍ በሰለ ብሎ ስለሚያወጣው ነው። እንደ ገላንና ዱከም ባለ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ከቻይና የመጣ ከረጢት ላይ የተጻፈው ደቂቃ እዚህ አይሠራም። በሰፊ ድስት ውሃው ሲንተከተክ ክተቱ፣ በጭልፋ ጀርባ ከሥር አንዴ ግፉት፤ ሲንሳፈፍና ሲፈላ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ ደግሞ ሲፈላ ድገሙት። ለአትክልት ሁለቴ፣ ለሥጋ ሦስቴ ይበቃል። ወደ ሰው የሚላክ ከሆነ ዕቃውን በትንሽ ዘይት ቀቡት፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት፤ ትኩሱን ጥርቅም አድርጋችሁ ከዘጋችሁት እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ወደ ቦታው ለመድረስ ከቃሊቲ መናኸሪያ የዱከም ወይም የቢሾፍቱ ሚኒባስ ያዙ። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ፍጥነት መንገዱ አትግቡ፤ ቤቱ ያለው አሮጌው መንገድ ላይ ነው፣ በፍጥነት መንገዱ ታልፉታላችሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከቢሾፍቱ የሚመለሰው መኪና ስለሚበዛ ቅዳሜው ይሻላል። ከ5 እስከ 10 ዓመት ያሉት ልጆች በደንብ ይጠቀማሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ጠርዝ መግጠም ያቅተዋል፣ ወንበሮቹም የአዋቂ ስለሆኑ ገበታው ደረቱ ላይ ይደርሳል። ሽርጥ ቤቱ የለውም፣ ይዛችሁ ሂዱ።

የሚቀጥለው ዓመት በዓል ቅዳሜ ጥር 29 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፣ የፍየል ዓመት ይባላል። ዐቢይ ጾም ገና ስላልገባ የዶሮና የበሬ ሙሌትም ይኖራል፤ ረመዳን ግን በዚያው ሰሞን ስለሚገባ ሙስሊም ቤተሰቦች ያልተቀቀለውን ይዘው የሚሄዱበትን ትሪ አስቀድመው ይያዙ። ቦታው 12 ልጅ ብቻ ስለሚይዝ ግማሽ ክፍያ ከፍሎ ቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው። ስትመዘገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቅርጫቱ ስንት ደረሰ፣ ፖስታው ላይስ ወላጅ እንዳይጨምር ተከልክሏል ወይ?